የተሰበረ የአንገት ሥር አጥንትና የስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ

አዳማ ላይ ከሞተር ወይም ከባጃጅ ወድቆ ከአንገቱ ሥር ያለው አጥንት የተሰበረ ሰው ሆስፒታል ደርሶ ሲመለስ፣ ቤተሰቡ ደጋግሞ የሚያወራው አንድ ነገር ነው፦ «ራጅ አንስተው፣ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥለው ላኩት፤ ምንም አላደረጉለትም።» በማግሥቱ ዘመድ አዝማድ ለሁለት ይከፈላል። አቅም ያለው «አዲስ አበባ ውሰዱትና ብረት ያስገቡለት» ይላል። ሌላው «ወጌሻ እያለ ምን አንከራተታችሁት» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱ ወገኖች የተጣሉ ቢመስሉም የሚነሡት ከአንድ ግምት ነው፤ ክንድን ማንጠልጠል ሕክምና አይደለም ከሚል። እኔ ግምቱ ስሕተት ነው እላለሁ። አብዛኛው የዚህ አጥንት ስብራት ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ጥቂቱ ብረት የግድ ይለዋል። ከነዚያ ጥቂቶች ደግሞ ብዙዎቹን በመጀመሪያው ቀን ራጅ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ የሚለዩት በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ሐኪም ዳግመኛ ሲያያቸው ነው። ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ትልቁ ጉድለት ያለውም እዚያ ላይ ነው። ስለ ብረት የምንከራከረውን ያህል ስለዚያ ቀጠሮ አልተከራከርንም።

ለምን ይሰበራል፣ እንዴትስ ይገጥማል

ሐኪሞች ክላቪክል የሚሉት ይህ አጥንት ደረትን ከትከሻ የሚያገናኝ፣ በሁለት በኩል የተጣመመ ቀጭን አጥንት ነው። ክንዳችን ከቀረው አካላችን ጋር በአጥንት የሚያያዘው በእሱ ብቻ ነው፤ የቀረውን የያዙት ጡንቻና ጅማት ናቸው። ስለዚህ ሰው በትከሻው ሲወድቅ የአወዳደቁ ኃይል በዚህ አጥንት በኩል ያልፋል። መሐሉ ላይ ቀጭን ነው፣ ጅማትም አይደግፈውም፤ ከአሥር ስብራት ስምንት ያህሉ እዚያው መሐሉ ላይ የሚደርሰው ለዚህ ነው። አዳማ የጋሪ ከተማ በነበረች ጊዜ ከፈረስና ከጋሪ መውደቅ ያደርስ የነበረውን ጉዳት ዛሬ ሞተርና ባጃጅ ያደርሱታል፤ ፍጥነቱ ስለጨመረ ስብራቱም ይበልጥ የተሰባበረና የተራራቀ ሆኗል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ፣ ከሞጆ በመቂ ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው መስመርም የየራሳቸውን ጉዳተኛ ወደነዚህ ከተሞች ሆስፒታሎች ያመጣሉ።

አጥንቱ መሐሉ ላይ ሲሰበር ሦስት ኃይሎች ይጎትቱታል። ከአንገት የሚወርደው ጡንቻ የውስጠኛውን ስባሪ ወደ ላይ ያነሣዋል። የክንድ ክብደት የውጪውን ስባሪ ወደ ታች ይጥለዋል። የደረት ጡንቻ ደግሞ ትከሻውን ወደ ውስጥ ስቦ ሁለቱን ስባሪዎች ያደራርባቸዋል። በቆዳ ሥር ጉብ ብሎ የሚታየውና ቤተሰብን የሚያስደነግጠው የውስጠኛው ስባሪ ጫፍ ነው። ይህን ያስተዋለ ሰው አንድ ትልቅ ነገር ይገባዋል፤ የወጌሻም ሆነ የሐኪም እጅ አጥንቱን ቢያስተካክለው እንኳ በማሠሪያ ብቻ በቦታው ሊያቆየው አይችልም። እጁ እንደተነሣ ጡንቻው ይመልሰዋል። ቀድሞ ሁለቱን ትከሻዎች ወደ ኋላ እየሳበ የሚያስረው የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው ማሠሪያ በብዙ ቦታ የሚመረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት ይህን ማሠሪያ ከተራው ማንጠልጠያ ጋር ሲያነጻጽረው፣ የመጨረሻው ውጤት አንድ ሆኖ ስምንት ቁጥሩ በሽተኛውን ይበልጥ ያሠቃያል ሲል ደመደመ። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ጨርቅ ሥራው አጥንቱን ማስተካከል አይደለም። የክንዱን ክብደት ተሸክሞ ሥቃዩን ይቀንሳል፣ ለአጥንቱም ጊዜ ይሰጠዋል። ሥራው ይኸው ነው፤ ለአብዛኛው ሰውም በቂ ነው።

ሕፃናት ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። የልጅ አጥንት በወፍራም ሽፋን የተጠቀለለ ስለሆነ፣ ሲሰበር እንኳ ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ስባሪዎቹን አቅፎ ይይዛቸዋል። በጥቂት ሳምንታት ይገጥማል፤ ጉብታውም ልጁ ሲያድግ እየጠፋ ይሄዳል። በአስቸጋሪ ምጥ የተወለዱ ጨቅላዎች አንዳንዴ ይህ አጥንታቸው ተሰብሮ ይወለዳሉ። እናቲቱ ሕፃኑ አንድ እጁን አላንቀሳቅስ ሲላት ትደነግጣለች፤ ነርቩ አለመጎዳቱ ከተረጋገጠ ግን ክንዱን ከልብሱ ጋር ቀስ አድርጎ ከማያያዝና በዚያ በኩል እንዳይነሣ ከመጠንቀቅ በቀር ብዙም የሚደረግለት ነገር የለም። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው አጥንቱ ይያያዛል። የእንዲህ ዓይነቱን ሕፃን ትከሻ ማሸት ፈጽሞ አያስፈልግም። ልጃቸው ከመሰላል ወይም ከዛፍ ወድቆ ክላቪክሉ ተሰብሮ «ኦፕራሲዮን ይደረግለት» ብለው ገንዘብ የሚበደሩ ወላጆች፣ ከመበደራቸው በፊት አንድ የአጥንት ሐኪም ቢያማክሩ አብዛኞቹ ብድሩን ይተዉታል።

ብረት ሲገባ የሚገኘውና የሚከፈለው

የቀዶ ሕክምና ወገኖች ክርክር ግን ተራ ክርክር አይደለም፤ በማስረጃ የቆመ ነው። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ቻርልስ ኒር እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ጽሑፍ የሕክምናውን ዓለም ለረጅም ዘመን አረጋግቶት ነበር። ያለ ቀዶ ሕክምና ከታከሙ 2,235 ስብራቶች ያልገጠሙት 3 ብቻ ናቸው፤ በቀዶ ሕክምና ከታከሙ 45 ደግሞ 2ቱ አልገጠሙም አለ። ከዚያ በኋላ «ይህን አጥንት አትንኩት» የሚለው ትምህርት ለትውልድ ተላለፈ። ኋላ ላይ ሐኪሞች ልጆችንና ቀላል ስብራቶችን ከቁጥሩ አውጥተው፣ ሙሉ በሙሉ የተራራቀ የአዋቂ ስብራትን ለብቻው ሲያዩ ሥዕሉ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ጥናት እንዲህ ካለ 52 ስብራት 15 በመቶው አልገጠመም፤ ሲሶ ያህሉ ሕመምተኛም በውጤቱ አልረካም። በ2007 የካናዳ ሐኪሞች 132 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ፕሌት (በብሎን የሚታሰር ጠፍጣፋ ብረት) የገባላቸውን ከተንጠለጠለላቸው ጋር አነጻጸሩ። ፕሌት የገባላቸው ቶሎ ገጠሙ፤ አለመግጠምና ተጣሞ መግጠም በእነርሱ ላይ እምብዛም አልታየም። በ2012 ስድስት ጥናቶች ሲደመሩ ደግሞ ያለ ቀዶ ሕክምና ከታከሙ 200 ሰዎች 29ኙ፣ በቀዶ ሕክምና ከታከሙ 212 ሰዎች 3ቱ ብቻ አልገጠሙም።

እንግዲህ አንድ ሰው ይህን ቁጥር አይቶ «ታዲያ ሁሉም ይቀደድ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። ልዩነቱ ከመቶ ሰው 13 ያህል ነው። አንድ ሰው ከአለመግጠም እንዲድን ስምንት ያህል ሰዎች መቀደድ አለባቸው፤ ሰባቱ ያለ ብረትም ይገጥሙ ነበር፣ አለዚያም ብረቱ ገብቶላቸውም አይገጥሙም ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚያሳምነኝ ግን ስኮትላንድ ውስጥ ኤድንብራ ላይ 200 ሕመምተኞችን ይዞ የተሠራውና በ2013 የወጣው ጥናት ነው። ፕሌት የገባላቸው ሰዎች በአማካይ ክንዳቸውን በተሻለ ሁኔታ ይጠቀሙ ነበር። ያልገጠመላቸው ሰዎች ከሒሳቡ ሲወጡ ግን ያ ብልጫ ጠፋ። አጥንቱ የገጠመለት ሰው በብረትም ይግጠም ያለ ብረት፣ ከዓመት በኋላ የሚሠራው ሥራ ተመሳሳይ ነው ማለት ነው። በ2019 የወጣው፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝነው የኮክሬን ጥንቅርም ከዓመት በኋላ ባለው የክንድ አገልግሎትና ሥቃይ ላይ ቀዶ ሕክምና ብልጫ እንዳለው አላገኘም፤ የሚቀንሰው ሕክምናው ሳይሳካ የሚቀርበትን ዕድል ነው። ከዚህ አንድ ውጤት ይከተላል። የማይገጥሙትን በጊዜ ለይተን እነርሱን ብቻ ብንቀድ፣ አብዛኛውን ጥቅም በጥቂት ቀዶ ሕክምና እናገኘዋለን።

ብረቱም ያለ ዋጋ አይገባም። ከዚህ አጥንት ሥር በጣት ውፍረት ርቀት ወደ ክንድ የሚሄዱት ታላላቅ የደም ሥሮችና ነርቮች ያልፋሉ፤ የሳንባም ጫፍ እዚያው ነው። ብሎን ለማስገባት የሚበሳው ቀዳዳ በጥንቃቄ ካልተበሳ አደጋ አለው። ቆዳ ላይ የሚሰማ ስሜት የሚያስተላልፉ ቀጫጭን ነርቮች በቀዶው መንገድ ላይ ስለሚያልፉ ከጠባሳው በታች መደንዘዝ የተለመደ ነው። ቁስሉ ሊመርዝ ይችላል። ፕሌቱ በስስ ቆዳ ሥር ስለሚቀመጥ አንዳንዱን ሰው ይቆረቁረዋል፤ ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። በፕሌት ፈንታ ለስላሳ ሽቦ መሰል ብረት በአጥንቱ ውስጥ ተክሎ መተው የበለጠ ያሳስበኛል፤ እንዲህ ያሉ ብረቶች ከቦታቸው ተንቀሳቅሰው ደረት ውስጥ የገቡባቸው አጋጣሚዎች በዓለም የሕክምና ጽሑፎች በተደጋጋሚ ተመዝግበዋል።

ስለ ቀዶ ሕክምና ያለን ግምት ከቴሌቪዥን የተቀዳ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 ስፔናዊው የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ሆርሄ ሎሬንሶ ኔዘርላንድ አሰን ላይ ሐሙስ ዕለት ወድቆ ይኸው አጥንቱ ተሰበረ። በዚያው ሌሊት ባርሴሎና ሄዶ ፕሌት ገባለት፤ ቅዳሜ ተመልሶ ተወዳደረና አምስተኛ ወጣ። ይህን የሰማ ወጣት ብረት ማለት የሁለት ቀን ፈውስ ነው ብሎ ቢያምን አይገርምም። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ የሆነውን ግን ጥቂት ሰው ያስታውሳል፤ ሎሬንሶ ጀርመን ላይ እንደገና ወድቆ ፕሌቱ ተጣመመ፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናም አስፈለገው። ብረቱ አጥንት አይደለም። አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ስባሪዎቹን አቀራርቦ ይይዛል፤ የመግጠሙን ሥራ የሚሠራው ራሱ አጥንቱ ነው፣ ጊዜም ይወስድበታል።

ጆንያ የሚሸከም ትከሻ፣ አንቀልባ የሚያዝል ትከሻ

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከአውሮፓ ጥናት ሳይሆን ከራሳችን ገበያ ነው። በሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ፣ በአዳማ የእህልና የሲሚንቶ መጋዘኖች፣ በመቂና በባቱ የሽንኩርትና የቲማቲም መጫኛዎች ትከሻ ማለት እንጀራ ማለት ነው። አንድ ጫኝና አውራጅ «በየቀኑ ካልተሸከምኩ ልጆቼ አይበሉም፤ እኔ ሦስት ወር ተንጠልጥዬ መቀመጥ አልችልም፤ ስለዚህ ብረቱን አስገቡልኝ» ቢል ሙሉ መብት አለው። ቀዶ ሕክምና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥቃዩን ቶሎ እንደሚቀንስና ክንዱን ለቀላል ሥራ ቶሎ እንደሚመልስ ጥናቶቹ ያሳያሉ፤ በካናዳው ጥናት ፕሌት የገባላቸው በአማካይ በ16 ሳምንት ሲገጥሙ ሌሎቹ 28 ሳምንት ያህል ፈጅቶባቸዋል። ጽሕፈት ቤት ለሚሠራ ሰው፣ ለአስተማሪ፣ ለሱቅ ባለቤት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ለጫኝና አውራጁ ግን ነገሩ ይለያል። ፕሌት ገብቶለትም ቢሆን አጥንቱ ሳይገጥም ኩንታል ጆንያ ትከሻው ላይ ማውጣት አይፈቀድለትም፤ ካወጣ ብሎኑ ሊነቀል ወይም ፕሌቱ ሊሰበር ይችላል። ወደ ሸክም የሚመለስበት ጊዜ በሁለቱም መንገድ በወራት የሚቆጠር ነው። ከዚያም በኋላ ጆንያው የሚያርፈው ልክ ፕሌቱ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ «የጉልበት ሠራተኛ ሁሉ ይቀደድ» የሚለውን አልቀበልም። የጉልበት ሠራተኛው ስብራት በጣም የተደራረበ፣ የተሰባበረና ትከሻውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያሳጠረ ከሆነ ግን ቀዶ ሕክምናን በቁም ነገር ማሰብ ይገባል፤ በእንዲህ ያለው ስብራት ያለመግጠም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፣ ያጠረ ትከሻም በከባድ ሥራ ላይ ቶሎ ይዝላል።

ስለ ሴቶች ትከሻ ደግሞ ሕክምናው ራሱ በቂ አላወራም። በአርሲም ሆነ በስምጥ ሸለቆው ገጠር ሴት ልጇን በአንቀልባ ታዝላለች፣ ውኃና እንጨት በገመድ አዝላ ትመጣለች። የአንቀልባው ጠፍርና የእንጨቱ ገመድ የሚያልፉት በዚያው አጥንት ላይ ነው። ፕሌት በአጥንቱ የላይኛው ገጽ ላይ ሲቀመጥ ጠፍሩ በቀጥታ በብረቱ ላይ ያርፋል። ወደ ፊትና ወደ ታች በሚያየው ገጽ ላይ ማስቀመጥ የሚቻልበት አሠራር አለ፤ ቀዳጁ ሐኪም በሽተኛዋ በትከሻዋ ምን እንደምትሸከም ከቀዶው በፊት ቢጠይቃት ብረቱን የሚያስቀምጥበትን ቦታ ሊለውጥ ይችላል። አንድ ጥያቄ ነው፤ መጠየቁም ምንም አያስወጣም።

የሀብቱን ነገርም ሳልናገር አላልፍም። ቀድሞ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል የነበረው የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅም ሆነ የአሰላና የሻሸመኔ ሆስፒታሎች የቀዶ ክፍል ሰዓታቸው ውስን ነው። በአንድ ሌሊት ከፍጥነት መንገዱ የጭን አጥንቱ የተሰበረ፣ የቅልጥሙ አጥንት ቆዳውን በጥሶ የወጣ ሰው ሊመጣባቸው ይችላል። ለጭንና ለቅልጥም ሳይን የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት በአጥንቱ ውስጥ የሚገባ ብረት ለኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በነፃ ሲያቀርብ ቆይቷል። የክላቪክል ፕሌት ግን ከዚያ ስጦታ ውስጥ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ከውጭ ገዝቶ እንዲያመጣ ይጠየቃል። ያለ ብረት የሚገጥም ክላቪክል ለመቅደድ የሚያልፈው የቀዶ ክፍል ሰዓት፣ ክብደት ታስሮለት አልጋ ላይ ተኝቶ ተራውን ከሚጠብቅ የጭን ስብራት የተወሰደ ሰዓት ነው። ይህን ሳስብ «ሁሉም ይቀደድ» የሚለው አቋም ለአንዱ በሽተኛ እንኳ ጥቂት ቢጠቅም ለከተማው እንደማይበጅ ይሰማኛል።

ያም ሆኖ ሳይዘገይ መቀደድ ያለበት አለ፤ በዚህ ላይ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው። ስባሪው ቆዳውን ከበሳ፣ ወይም ቆዳውን ከውስጥ ወጥሮ ነጭ አድርጎ ሊበሳው ከተቃረበ፤ እጁ ከቀዘቀዘ፣ የእጅ አንጓው ትርታ ከጠፋ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም አልታዘዝ ካሉ፤ የትከሻ አጥንቱም አብሮ ተሰብሮ ትከሻው ከተንጠለጠለ፤ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሌሊት አይልም ቀን አይልም፣ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። በውጪው ጫፍ፣ በትከሻው አጠገብ የሚደርስና ጅማቱን የበጠሰ ስብራትም ያለ ቀዶ ሕክምና ያለመግጠም ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ በቶሎ ለአጥንት ሐኪም መታየት አለበት። የክላቪክል ቀዶ ሕክምና አጥንቱ ለዓይን በቀጥታ ስለሚታይ የግድ ቀዶ ክፍል ውስጥ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ራጅ አይፈልግም። ንጽሕናው የተጠበቀ ክፍል፣ ማደንዘዣ ሰጪ፣ የሠለጠነ እጅና ትክክለኛው ፕሌት ካለ በአዳማም ሆነ በአሰላ ሊሠራ ይችላል። ለዚህ ሲባል ወደ አዲስ አበባ መቶና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር መሄድ ልማድ መሆን የለበትም።

ወጌሻው ደጋግሞ የሚያየው፣ ሆስፒታሉ አንዴ የሚያየው

ወጌሻን መውቀስ ቀላል ነው፤ ምክንያትም አለው። ክንድና እግርን በቀርከሃ ስንጥር አጥብቆ ከማሰር የተነሣ ደም ተቋርጦ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆች በሀገራችን ሆስፒታሎች ብዙ ናቸው። በክላቪክል ላይ ደግሞ አዲስ ስብራትን ማሸት፣ ስባሪው ከሥሩ ካሉት የደም ሥሮችና ነርቮች ጋር እንዲጋጭ ያደርጋል፤ ብብትን አጥብቆ ማሰርም ነርቩን ይጫናል። የተቀደደ ቆዳ ላይ ቅጠል ወይም ቅቤ ማድረግ መመረዝን መጋበዝ ነው። ይህን ሁሉ ብዬም ሰዎች ለምን ወደ ወጌሻ እንደሚሄዱ በሐቀኝነት ማየት እፈልጋለሁ። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ዋጋውም ይቻላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ደጋግሞ ያያል። በሦስተኛው ቀን ና ይላል፣ በሳምንቱ ና ይላል፤ ስብራቱን በጣቱ ዳስሶ «ይዟል» ወይም «ገና ነው» ይላል። ሆስፒታል የሄደው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ራጅ፣ አንድ ማንጠልጠያና የማስታገሻ መድኃኒት ይዞ ይወጣል። ቀጠሮ ቢሰጠውም ከመቂ ወይም ከአርሲ ነጌሌ ገጠር ተመልሶ መምጣት የአንድ ቀን ሥራና የትራንስፖርት ገንዘብ ነው፤ ሥቃዩም በዚያን ጊዜ ቀንሷል።

ይህ ቸልታ የዛሬ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የግሪኩ ሂፖክራቴስ ስለ መገጣጠሚያዎች በጻፈው መጽሐፍ ይኸንኑ ታዝቧል። ክላቪክሉ የተሰበረ ሰው መጀመሪያ ጉዳቱን ከልክ በላይ ይፈራዋል፤ ከመራመድና ከመብላት እንደማያግደው ሲያይ ይተወዋል። ሐኪሙም ቦታውን አሳምሮ መመለስ ስለማይችል በሽተኛው ሲጠፋበት አያዝንም፤ በዚህ መሐል አጥንቱ ቶሎ ይገጥማል ይላል። ለአብዛኛው ሰው ትዝብቱ እውነት ነው። ለማይገጥምለት ሰው ግን ያ የጋራ መጠፋፋት ትልቁ ጉዳት ነው።

ስድስተኛው ሳምንት ለምን ተመረጠ? በዚያ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ። በሽተኛው የዕለት ሥራውን ሲሠራ አሁንም በጣም ይቸገራል? ሐኪሙ በእጁ ሲይዘው ስባሪዎቹ ይንቀሳቀሳሉ? ራጁ ላይ አዲስ አጥንት መታየት አልጀመረም? ከኤድንብራ የወጣ ሌላ ጥናት እንዳሳየው ከሦስቱ አንዱም የማይታይበት ሰው ሳይገጥም የሚቀርበት ዕድል በጣም ጥቂት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስቱ የታዩበት ደግሞ ላለመግጠም ያለው አደጋ ከፍተኛ ነው። አንድ ጠቅላላ ሐኪም፣ አንድ የጤና መኮንን፣ አንድ የራጅ ክፍል ይህን ሊያደርጉ ይችላሉ። ባቱም ሆነ ቢሾፍቱ፣ የመጀመሪያውን ራጅ ያነሣው ሆስፒታል ሁለተኛውንም ያነሣል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የማይገጥመውን ብቻ ወደ አዳማ ወይም ወደ አሰላ ሪፈር ይጽፋል። እንዲህ ሲሆን የአጥንት ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርቡት በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ይሆናሉ።

«ዘግይቶ የተቀደደ አይሳካም» የሚል ሥጋት እሰማለሁ፤ ሥጋቱን ንቄ አላልፈውም። የዘገየ ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀዶ ሕክምና የከበደ ነው። ስባሪዎቹ ጫፋቸው ደርቆ ስለሚጠብቅ አንዳንዴ ከዳሌ አጥንት ቁራጭ ወስዶ መሐላቸውን መሙላት ያስፈልጋል፤ ያም ሌላ ቁስል ነው። የዘገየውን ወዲያው ከተደረገው ጋር ያነጻጸረ የካናዳ ጥናት የክንዱ ጥንካሬ ተቀራራቢ ሆኖ፣ ሳይዝሉ ደጋግሞ በመሥራት ላይ ግን የዘገየው ትንሽ እንደሚያንስ አገኘ። ይህ እውነተኛ ዋጋ ነው። ከብዙ ሰዎች አንድ ሁለቱ ይህን ዋጋ ይከፍላሉ፤ በሌላው በኩል ሳያስፈልጋቸው የሚቀደዱ ብዙዎች ጠባሳውን፣ መደንዘዙን፣ የመመረዝ ሥጋቱንና የብድሩን ገንዘብ ይከፍላሉ። ሁለቱን ስመዝን ፍርዴ ወደ መጠበቅ ያደላል፤ ያ መጠበቅ ግን ከቀጠሮ ጋር ሲሆን ብቻ ነው። ያለ ቀጠሮ ማንጠልጠልማ «ምንም አላደረጉለትም» ከሚለው ወቀሳ አያመልጥም።

ወጌሻዎችን ከዚህ ሥራ ማስወጣት ይቻላል ብዬ አላምንም፤ ማስገባት ግን ይቻላል። በደቡብ ኢትዮጵያ ለወጌሻዎች የተሰጠ አጭር ሥልጠና ከማሠሪያ የተነሣ የሚቆረጡ እጅና እግሮችን ቁጥር መቀነሱን የሚያሳይ የሀገራችን ሐኪም ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ለክላቪክል የሚያስፈልገው ሥልጠና ከዚያ የቀለለ ነው። አታሹት፣ ብብቱን አታጥብቁት፣ እጁ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው ላኩት፣ በስድስተኛው ሳምንት ስባሪው በእጃችሁ ሥር ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ለራጅ ላኩት። የዳበረ ጣታቸው ለዚህ ፍለጋ ይጠቅማል፤ በሽተኛውም ሆስፒታል ባይመለስ እነርሱ ጋ ይመለሳል።

የገንዘቡ ነገር ግን አሁንም በመጀመሪያው ቀን ላይ ተተክሎ ቀርቷል። የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በመኪና ለተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና በነፃ እንዲሰጠው ደንግጎ ጣሪያውን ሲወጣ 2,000 ብር አድርጎ ነበር። ያ ገንዘብ አደጋው የደረሰበት ሌሊት ታስቦ የተመደበ ነው፤ ለሁለተኛው ራጅ፣ ለመመለሻው ትራንስፖርት፣ ለዘገየው ፕሌት አልታሰበም። መድን ሰጪዎችና የጤና ቢሮው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የስድስተኛውን ሳምንት ምርመራ ከመጀመሪያው ቀን ሕክምና ጋር አንድ አድርገው ቢከፍሉ፣ ለብዙ ቀዶ ሕክምና የሚወጣውን ይቆጥባሉ። የጫኝና አውራጅ ማኅበራትም የሚሠሩት አላቸው። በሞጆና በአዳማ መጋዘኖች ሸክም ብቻ አይደለም ያለው፤ ጆንያ መቁጠር አለ፣ መመዝገብ አለ፣ በር መጠበቅ አለ። ማኅበሩ ትከሻው የተሰበረበትን አባል ለሦስት ወር ወደነዚህ ሥራዎች ቢያዞረውና ድርሻውን ባይቆርጥበት፣ ያ አባል ብረት ለማስገባት አይበደርም፤ አጥንቱ ሳይገጥምም ጆንያ አያነሣም።